በሹፌሩ ሽንት ውስጥ የተገኘው እንቁላል

የጭነት መኪናው ረፋዱ ላይ አስፋልቱን ለቆ፣ የእግረኛ መንገዱን አቋርጦ፣ የልብስ ሰፊዋን ሱቅ ጠራርጎ ከኋላው ካለው ግንብ ጋር ተላተመ። መርማሪው ሲደርስ የልብስ ሰፊዋን አስከሬን አንስተው ወስደውት ነበር። ከሱቁ የተረፈው አንድ የተጣመመ የስፌት መኪና ነው፤ በመርፌው ስር እግሩ ግማሽ ድረስ የታጠፈ የተማሪ ሱሪ እንደተወጠረ ቀርቷል። ሹፌሩ ጭረት እንኳ ሳይነካው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም አንድ ነገር ይደጋግማል።

«ፍሬን እምቢ አለኝ።»

አስፋልቱ ላይ የጎማ ጭረት የለም። የትራፊክ ቴክኒሺያኑ ከመኪናው ስር ገብቶ ሲወጣ እጁ በፍሬን ዘይት ተለውሷል። የፍሬኑ ቱቦ ከቦታው ወልቋል፤ የሚይዘው ብሎንም ላልቷል። ቴክኒሺያኑ ብሎኑ ቀድሞ ላልቶ ሊሆን እንደሚችል፣ ግጭቱ ራሱ ነቅሎትም ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። መርማሪው ከዚህ ሁሉ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ሰማ።

ጣቢያው ውስጥ ይህን ሰው «ዘጊው» ይሉታል። ፋይል ይዘጋል። ሌላው መርማሪ ወር ሙሉ የሚያሸው ጉዳይ እሱ እጅ ላይ ሳምንት አይሞላውም። ስሙን ሲያወጡለት እያደነቁት ይሁን እያሽሟጠጡበት ጠይቆ አያውቅም፤ እሱ እንደ ምርቃት ነው የተቀበለው።

እንደ ልማዱም በዚያው ቀን ግማሹን ሥራ ጨረሰ። አንድ የትራፊክ ፖሊስ ሹፌሩን በቅርብ ወዳለው ክሊኒክ ወስዶ ሽንት አሰጠው። ሽንቱን ፖሊሱ ራሱ እዚያው የላቦራቶሪው መስኮት ላይ ለሁለት ጠርሙስ ከፈለው፤ አንዱ ሳይከፈት ታሽጎ ለፖሊስ ማቀዝቀዣ ገባ፣ ሌላው ተመረመረ። መጠጥ የለም፤ እንቅልፍ ማባረሪያ ኪኒንም የለም። ሹፌሩ እንደ ምንጭ ውሃ ንጹህ ሆኖ ወጣ።

ቀጥሎ የመኪናው ድርጅት የስምሪት ኃላፊ መጣ። ረጋ ያለ፣ ከንግግሩ ሁሉ ፊት «ጌታዬ» የሚያስቀድም ሰው ነው። የመኪናውን የጥገና መዝገብ ሳይጠየቅ ይዞ መጥቷል። ከሁለት ቀን በፊት የፍሬኑ ቱቦ በአዲስ ተቀይሯል፤ ከስሩ የድርጅቱ መካኒክ «ታይቷል፣ ጠብቋል» ብሎ ፈርሟል። አደጋው በደረሰበት ሰዓት የት እንደነበረ ሲጠየቅ ቤተሰብ ታሞበት ክሊኒክ እንደነበረ፣ ሹፌሩን ፖሊስ ሲያመጣውም እዚያው እንዳገኘው ተናገረ። መርማሪው ለክሊኒኩ ጥበቃ ደወለ፤ ጥበቃው እውነት ነው አለ። መርማሪው ከስሙ አጠገብ የምልክት ጭረት አድርጎ አለፈ።

ቀረ መካኒኩ።

መካኒኩ ዝምተኛ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከሞተር ጋር ሲያወራ ያደገ ይመስላል። መርማሪው የሚያውቀው አንድ ዘዴ አለው፤ ዘዴው ዱላ የለበትም፣ ስድብም የለበትም። አንድን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ ብቻ ነው።

«አጠበቅኸው?»

«አዎ፣ አጥብቄዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«በዚያ ቀን ስንት መኪና ነበር የሠራኸው?»

«ስድስት።»

«የስድስቱንም ብሎን እጅህ ያስታውሰዋል?»

በመጀመሪያው ቀን መካኒኩ ያስታውሳል። በሁለተኛው ቀን ሊያስታውስ ሲሞክር ግንባሩን ያሻል። በሦስተኛው ቀን እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ «ሳላጠብቀው ቀርቼ ይሆናል» ብሎ ፈረመ። መርማሪው ፋይሉን አስሮ ለዐቃቤ ሕግ ላከ።

የመካኒኩ እናት ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ጣቢያው በር ላይ ካለው አግዳሚ አይጠፉም። አይጮሁም፣ አይለምኑም። የተተኮሰ ሸሚዝ ያስገባሉ፣ የቆሸሸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። መርማሪው በዚያ ሲያልፍ ሁሌ ስልኩን አውጥቶ የሚያይ ሆነ።

በዘጠነኛው ቀን ፋይሉ ተመልሶ መጣ። ዐቃቤ ሕጓ ሁለት ነገር አስምራበታለች። አንደኛ፣ «ይሆናል» የሚል ቃል ይዤ ችሎት አልቆምም ብላለች። ሁለተኛ፣ የሽንቱ ውጤት ላይ የክሊኒኩ ማኅተም የለም።

«ለማኅተም ነው የመለሰችብኝ!» አለ መርማሪው ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ።

አብራው የምትሠራው ሳጅን ከወንበሯ ሳትነሳ አየችው። ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ንዴቱን እንደ ዝናብ ታሳልፈዋለች። «አለቃ፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ና፣ እንልቀም» አለችው።

ላቦራቶሪው ከክሊኒኩ ኮሪደር መጨረሻ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። አንድ መስኮት፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ክዳናማ ኩባያዎች የተደረደሩበት ትሪ፣ ሁለት ማይክሮስኮፕ፣ ሽንት እያሽከረከረ የሚያዘቅጥ አንድ ማሽን። የላቦራቶሪው ኃላፊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል። ማኅተሙን ሊያመጣ ሲወጣ መርማሪው ከመሰልቸት የተነሳ የዕለት መዝገቡን ገለጠ። የሹፌሩ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት ነው። ከውጤቱ አጠገብ አንድ ቃል ተጽፎ በነጭ ማጥፊያ ተደፍኗል።

ገጹን ወደ ብርሃን ዘረጋው። አልተነበበም። በጥፍሩ ሊፍቀው ሲል ሳጅኗ እጁን ያዘችው።

«ይህን የጻፈው ማነው?» አለ መርማሪው፣ ኃላፊው ማኅተሙን ይዞ ሲመለስ።

ኃላፊው ወደ ጥግ አየ። ጥግ ላይ አንዲት ወጣት ቴክኒሺያን ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብላለች፤ ጥያቄውን ሰምታ ቀና አላለችም፤ አንገቷ ግን ቀላ።

የመርማሪው ደም ሞቀ። ነገሩ ወለል ብሎ ታየው፦ ኪኒን ተገኝቷል፣ ተጽፏል፣ አንድ ሰው አፏን አዘግቷታል። ጣቢያ አመጣት። አንድ ሰዓት ሙሉ ማን አነጋገራት፣ ማን ደወለላት፣ ከሹፌሩ ጋር የት ትተዋወቃለች እያለ ጠየቃት። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ወለሉን ታያለች። በመጨረሻ ሳጅኗ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጥታ «እህቴ፣ የጻፍሽው ቃል ምን ነበር?» አለቻት።

«ተበክሏል የሚል ነው» አለች ቴክኒሺያኗ።

«በምን?» አለ መርማሪው።

«እንቁላል አየሁበት።»

«የምን እንቁላል?»

«የትል። የአንጀት ትል።»

መርማሪው የምታሾፍበት መስሎት ሳጅኗን አየ። ሳጅኗም ትከሻዋን ሰበቀች። ልጅቷ ግን አንዴ ከጀመረች በኋላ አላቆመችም። ከአደጋው በፊት በነበረው ሳምንት የማሽኑን ቱቦ በደንብ ሳታጥብ የአንዱን ሰው ሽንት ከሌላው ቀላቅላ ኃላፊው በጽሑፍ አስጠንቅቋታል። በሹፌሩ ሽንት ውስጥ እንቁላሉን ስታይ ያው ጥፋቷ የተደገመ፣ ከሌላ ሰው ሽንት የተላለፈ መሰላት። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ማለት መባረር ነው። የኪኒኑ ምርመራ እንደሆነ ንጹህ ነበር፤ ያንን አልዋሸችም። የሽንት መመርመሪያ ቅጹ ላይ ደግሞ የአንጀት ትል የሚሞላበት መስመር ጭራሽ የለም። ስለዚህ ደፈነችው።

«እኔ ሰው ሞቷል እልሻለሁ፣ አንቺ ትል ትይኛለሽ» አለ መርማሪው። «ሂጂ፣ ወደ ሥራሽ።»

ከማን ሽንት የተላለፈ እንደመሰላት አልጠየቃትም። እሷም ያልተጠየቀችውን አልመለሰችም።

ነገር ግን ትሉ አእምሮው ውስጥ ገብቶ ቀረ። በማግስቱ የላቦራቶሪውን ኃላፊ ብቻውን ጠየቀው። ኃላፊው መነጽሩን አወረደ። የአንጀት ትል እንቁላል በሽንት ከታየ ነገሩ ቀላል ነው አለ፤ ሰገራ ነክቶታል ማለት ነው። ወይ ሰውዬው ሁለቱን ባንድ ኩባያ አድርጓል፣ ወይ ኩባያው ራሱ ቆሻሻ ነበር። በየጊዜው ያጋጥማል፤ ይደገም ተብሎ ይመለሳል፤ የሚጨነቅበት የለም።

«ኩባያው ቆሻሻ ነበር» የምትለዋን መርማሪው ያዘ። እንግዲህ ያገለገለ ኩባያ አጥቦ የሚያቀርብ ሰው አለ። ኩባያ ካጠበ ደግሞ ኩባያ ይለውጣል። በዚህ ሐሳብ ሁለት ቀን አቃጠለ። የዕቃ ግምጃ ቤቱን አስከፈተ፣ የገባውን ኩባያ ከወጣው አመሳከረ፣ የቆሻሻ ማቃጠያውን በእንጨት አመሰ፣ በመጨረሻ የጽዳት ሠራተኛዋን ያዘ። ሴትየዋ ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ኮሪደር የኖሩ ናቸው። መወልወያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ቃሉን እስኪጨርስ ጠበቁት፤ ከዚያ እጁን ይዘው ወስደው ኩባያዎቹ ከፋብሪካ ታሽገው የመጡበትን ካርቶን፣ ያገለገሉት ተቀጥቅጠው የሚጣሉበትን በርሜል አሳዩት።

«እኔ የሰው ሽንት አጥቤ መልሼ የማቀርብ መሰልኩህ?» አሉት። «ልጄ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀምክ ነው።»

ሳጅኗ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። መርማሪው ይቅርታ እንኳ ሳይጠይቅ ወጣ፤ ጫማው የማቃጠያውን አመድ ይዞ ኮሪደሩን ሁሉ አቆሸሸው።

መኪናቸው ውስጥ ገብቶ አመዱን ከጫማው እያራገፈ ቀኑን ቆጠረ። አሥራ ሁለት ቀን። አንዲት ሴት ሞታለች፣ አንድ ሰው ታስሯል፣ እሱ በእንጨት አመድ ያምሳል። ሊዘጋው ይችላል፤ ዐቃቤ ሕጓ የፈለገችው ማኅተም ተመቷል፤ «ይሆናል» የምትለዋንም ቢሆን መካኒኩን አንድ ቀን ቢይዘው ያስወጣታል። ያንን ሲያስብ የሚሸት ነገር የቀመሰ ያህል አፉ መረረው።

«አለቃ» አለች ሳጅኗ፣ «የታሸገው ጠርሙስ ሦስት ቀን ነው የቀረው። ከዚያ ይደፋል።»

«ለምን ይጠቅመናል? ያው ሽንት ነው።»

«ያው ሽንት ነው። ግን ያቺ ልጅ እጇን አላስገባችበትም።»

መርማሪው ዞሮ አያት። ጠርሙሱ መስኮቱ ላይ፣ ቴክኒሺያኗ ሳትነካው ታሽጓል። ባልታጠበ ቱቦ ምክንያት የመጣ እንቁላል ከሆነ እዚያ ውስጥ ሊገኝ አይችልም።

ሳጅኗ የምታውቃቸው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ኮሌጅ ውስጥ አርባ ዓመት ስለ ጥገኛ ትላትል ብቻ አስተምረዋል፤ ተማሪዎቻቸው ያወጡላቸው ስም «አባ ትል» ነው፤ እሳቸውም ስልክ ሲያነሱ በዚሁ ስም ነው የሚመልሱት። መርማሪውን የተቀበሉት በመኖሪያ ክፍላቸው መስኮት ስር፣ ከአበባ ማሰሮዎች መካከል በተቀመጠ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ፊት ነው። የጠርሙሱን እሽግ ሳጅኗ እያየች ቆረጡ፣ የዝቃጩን ጠብታ በመስታወቱ ላይ አደረጉ፣ ጎንበስ አሉ።

ማስተካከያውን ቀስ ብለው አዞሩ። መርማሪው ሰዓቱን አየ። መስታወቱን ትንሽ ገፋ አደረጉ።

«ምን አለ?» አለ መርማሪው።

«አለች» አሉ አባ ትል። «ና፣ ራስህ እያት።»

መርማሪው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። መጀመሪያ የራሱን ሽፋሽፍት ብቻ አየ፤ ቆይቶ ግን ግራጫ ሜዳ ላይ የተኛች፣ እንደ መስታወት ብርሃን የምታሳልፍ፣ ሞላላ ነገር አገኘ። አንዱ ጎኗ ደፍጠጥ ያለ ነው፣ ሌላው ክብ። ውስጧ የተጠቀለለ ክር የመሰለ ነገር አለ።

«ወስፋት ናት?» አለ የሚያውቀውን ብቸኛ ስም አንስቶ።

«ወስፋት ብትሆን ኃላፊህ ትክክል ነበር፤ ሰገራ ነካው እንል ነበር። የወስፋት እንቁላል ቡናማ ነው፣ ሻካራ ነው። ይቺ ሌላ ናት። ክር የምታህል ነጭ ትል አለች፤ ሕፃናትን መቀመጫቸውን የምታሳክክ። አታውቃትም? አንተም ልጅ ሳለህ ይዛህ ይሆናል።»

አባ ትል በእርሳስ እንቁላሏን ወረቀት ላይ እየሳሉ ቀጠሉ። ይቺ ትል እንደሌሎቹ እንቁላሏን አንጀት ውስጥ አትጥልም፤ ልጁ ሲተኛ ወጥታ ቆዳው ላይ ትጥላለች። ለዚያም ነው ሰገራ ውስጥ ፈልገው የማያገኟት። ሴት ሕፃን ላይ ግን ወደ ፊት ትሄዳለች። ልጅቷን ሽንቷን ያቃጥላታል፤ ስትሸና ሽንቱ እንቁላሉን አጥቦ ይወርዳል፤ ሐኪሙ የሽንት ቧንቧ በሽታ ነው ብሎ ሌላ መድኃኒት ያዝዝላታል።

«ሴት ሕፃን ላይ» አለ መርማሪው።

«አልፎ አልፎ ትልቅ ሴት ላይም። ሽንቱን የሰጠችው ስንት ዓመቷ ነው?»

«ወንድ ነው። ሹፌር ነው። ጢም አለው።»

አባ ትል እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «እኔ በአርባ ዓመት ውስጥ በጢማም ሽንት አላየኋትም» አሉ። «ሽንቱ የእሱ አይደለም።»

ሹፌሩ ሚስት የለውም፤ ልጅም የለውም። ብቻውን ነው የሚኖረው። መርማሪው ይህን መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ለሳጅኗ ነገራት፤ ሦስቱንም ጊዜ የበለጠ ተናደደ። የሌላ ሰው ሽንት ነው። እሺ። ጢማም ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሞ፣ ከየት አባቱ የሴት ሕፃን ሽንት ያመጣል?

«ያቺን ልጅ ያልጠየቅናት ነገር አለ» አለች ሳጅኗ።

ቴክኒሺያኗ ሲመለሱ ስታያቸው ትሪውን ልትጥለው ነበር። መርማሪው በዚህ ጊዜ ወንበር ስቦ ከእሷ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ጥፋቷ እንዳልሆነ፣ የታሸገውም ጠርሙስ ውስጥ እንዳለ ነገራት። ልጅቷ አስተዋለችው፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። አሥራ ሁለት ቀን ቱቦ ስታጥብ እንደኖረች እጆቿ ይናገራሉ፤ ተልጠዋል።

«ከሌላ ሰው ሽንት የተላለፈ መሰለኝ ብለሽኝ ነበር» አለ መርማሪው። «ከማን?»

«ከቁጥር አሥራ አራት። ያንን ዕለት እንቁላሉን መጀመሪያ ያየሁት እሱ ላይ ነበር። ይደገም ብዬ ጻፍኩበት፤ ግን ውጤቱን የሚወስድ አልመጣም።»

መዝገቡን ገለጠች። ቁጥር አሥራ አራት፦ ሴት፣ አምስት ዓመት፣ ሽንት ያቃጥላታል። በዕለቱ ከተመረመሩት መካከል ከአሥር ዓመት በታች የሆነች ሴት እሷ ብቻ ናት። መጨረሻው ዓምድ ላይ የአሳዳጊ ስልክ ቁጥር አለ። መርማሪው ሊደውል ቁጥሩን በስልኩ ላይ መጻፍ ጀመረ፤ ሳይጨርስ ስልኩ ራሱ ስሙን አወጣለት። «ስምሪት ኃላፊ» ይላል።

ቤተሰብ ታሞብኝ ክሊኒክ ነበርኩ ብሎት ነበር። መርማሪው ማን ታሞ እንደሆነ ሳይጠይቅ ጭረት አድርጎ አልፏል። ሰውዬው የነበረበትን ቦታ አልዋሸም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። መርማሪው መዝገቡን ዘግቶ፣ ከፍቶ፣ እንደገና ዘጋው። በራሱ ላይ እንዲህ ተናዶ አያውቅም።

ኩባያ የምታድለዋ ነርስ ትንሽ አሰብ አድርጋ ትዝ አላት። አንድ አባት ለልጁ ኩባያ ወስዶ፣ ደፋችው ብሎ ሌላ ጠይቋት ነበር። ከልጁ ጋር መጸዳጃ ቤቱ ገብቶ የወጣው ፖሊሱ ጢማሙን ሰውዬ ከማስገባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው።

ሹፌሩን ያስጠራው ከቀትር በኋላ ነው። ሰውዬው ምስክር ሆኖ የመጣ መስሎት ተዝናንቶ ተቀመጠ። መርማሪው ጥያቄ አልደጋገመም። የአባ ትልን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ አደረገለት።

«ይህ ከአንተ ሽንት ውስጥ የወጣ ነው። በሴት ሕፃን ላይ የሚገኝ የትል እንቁላል ነው። ሴት ልጅ አለችህ?»

«የለችኝም።»

«አለቃህስ?»

ሹፌሩ ሥዕሉን አየ፣ በሩን አየ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲናገር ድምፁ ከጣቶቹ መካከል ነበር የሚወጣው። አደጋው እንደደረሰ መጀመሪያ የደወለው ለአለቃው ነው። ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት ሳይተኛ ነድቷል። ኪኒኑን የሚሰጠው አለቃው ነው፤ ለሁሉም ሹፌር ይሰጣል፤ የማይውጥ ሰው ስምሪት አያገኝም። አለቃው ክሊኒኩ ውስጥ ነበርና ወደዚህ አምጥተው ሽንት ስጥ ቢሉህ መጸዳጃ ቤቱ ግባ፣ የተሞላ ኩባያ ከውሃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ታገኛለህ አለው። ፍሬን እምቢ አለኝ በል ያለውም እሱ ነው፤ ፍሬኑ በቅርቡ ተሠርቷል፣ ጥፋቱ የሠራው ሰው ይሆናል አለው።

«ፍሬኑስ?» አለ መርማሪው። «እምቢ ብሎህ ነበር?»

«አላውቅም። እግሬን አላሳረፍኩበትም። ግንቡ ነው የቀሰቀሰኝ።»

ሳጅኗ መጻፏን አቆመች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፤ መካኒኩን የመታው ደግሞ ከመርማሪው ሌላ ሰው አልነበረም።

የስምሪት ኃላፊውን ከቢሮው ሲያመጡት እንደ ልማዱ «ጌታዬ» እያለ ነው የገባው። የነርሷን ቃል፣ የሹፌሩን ቃል፣ የመዝገቡን ቁጥር እየሰማ ረጋ ብሎ ተቀመጠ፤ ለሁሉም መልስ የሚያዘጋጅ ይመስላል። ሥዕሉ ላይ ሲደርሱ ግን ግንባሩ ተኮማተረ።

«ይህ ከልጄ የወጣ ነው?»

«ከልጅህ ነው። ሳያሳክካት አልቀረም፤ እንቅልፍ የላትም ይሆናል።»

ሰውዬው ልጅቷ በየምሽቱ እንደምታለቅስ፣ እናቷ የሽንት መድኃኒት እየሰጠቻት እንዳልተሻላት፣ የምርመራውን ውጤት ፈርቶ ሳይወስድ እንደቀረ በተቆራረጠ ድምፅ ተናገረ። መርማሪው የመድኃኒቱን ስም በቁራሽ ወረቀት ጻፈለት፤ ቤተሰቡ ሁሉ መውሰድ አለበት ብለው አባ ትል ነግረውት ነበር። ወረቀቱን ለሚስቱ እንዲደርሳት ለሳጅኗ ሰጣት። ሰውዬውን ወደ ማረፊያ ክፍል ወሰዱት።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው የመካኒኩን የመፈቻ ደብዳቤ ራሱ ይዞ ወረደ። ሌላ ሰው መላክ ይችል ነበር፤ ግን አልላከም። መካኒኩ አልጋው ጫፍ ላይ የተተኮሰውን ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጧል። መርማሪው ቆሞ ሁሉንም ነገረው፦ ሹፌሩ ተኝቶ እንደነበር፣ ፍሬኑን ጭራሽ እንዳልነካው፣ ሽንቱ የሕፃን እንደሆነ፣ እንዴት እንደተገኘ። መካኒኩ እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጠ፤ ደስታም ቁጣም ፊቱ ላይ አልታየም።

«ብሎኑስ?» አለ።

«ብሎኑ ምን?»

«አጥብቄው ነበር?»

ብሎኑ ቀድሞ ላልቶ ይሁን ግጭቱ ነቅሎት የትራፊክ ቴክኒሺያኑም አልለየውም። ፍሬኑ ስላልተረገጠ ይይዝ እንደነበር የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም። ሕጉ ለመካኒኩ ነጻነቱን መልሶለታል፤ ይህችን ግን መርማሪው ከየትም አምጥቶ ሊሰጠው አይችልም።

«አንተ አጥብቄዋለሁ ብለኸኝ ነበር» አለ። «በመጀመሪያው ቀን። አሥራ አንድ ጊዜ ብለኸኛል፣ መዝገቡ ላይ አለ። ያን ጊዜ ላምንህ ይገባኝ ነበር።»

መካኒኩ ተነስቶ የሸሚዙን እጅጌ ቆለፈ። በሩ ላይ እናቱ ይጠብቁታል፤ ድምፃቸው ከውጭ ይሰማል። ለመሄድ አንድ እርምጃ ከተራመደ በኋላ ቆመ።

«እኔም አምኜው ነበር» አለ ወደ መርማሪው ሳይዞር። «እርስዎ እስኪጠይቁኝ ድረስ።»